ስለ ፍሪሲዮን ካቦና ስለ ትንሿ ዳዶ

አዲስ ቅዳም በአዊ አገር፥ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የፋግታ ለኮማ ወረዳም ርእሰ ከተማ እርሷ ናት። ስሟ እንደሚናገረው ገበያዋ ቅዳሜ ነው። በዚያ ቀን ገብስና ድንች የጫነ አህያ፥ ከሰል የተከመረበት ጋሪ፥ በፈረሱ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ፥ ሕፃን ያዘለች እናት፥ ሁሉም በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። በዚህ ሕዝብ መካከል በሞተር ብስክሌት የሚያልፍ ሰው በየጥቂት ርምጃው መቆም፥ ቆሞም እንደ ገና መነሣት አለበት። ሞተሩ ሳይጠፋ መቆም የሚቻለው ፍሪሲዮን በሚባለው ክፍል ነው። ፍሪሲዮኑ አልታዘዝ ያለ እንደ ሆነ ሞተር ብስክሌቱ ቁም ሲሉት ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ ከፊቱ የሚገኘው አህያ ወይም ሕፃን ሊሆን ይችላል።

የአዊ ሰው የፈረስን ነገር ከአባቱ የተማረ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ ያየ ልጅ፥ ፈረሰኛው ዛቡን እንዴት እንደሚይዝ ያውቃል። ዛቡ እጅግ ቢወጠር ልጓሙ የፈረሱን አፍ ያቆስለዋል፤ እጅግ ቢላላ ደግሞ ፈረሱ የጌታውን አሳብ አያውቅም። ሆኖም ፈረስ ዓይን አለው። ዛቡ ቢላላም እንኳ በፊቱ ሰው ያየ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ራሱ ይቆማል። ሞተር ግን ዓይን የለውም፤ ስለዚህ በሞተር ብስክሌት ዘንድ የዛቡ መላላት ከፈረስ ይልቅ የሚያስፈራ ነው።

ተማሪ ሆይ፥ ፍሪሲዮን ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሁለት እጆችህን መዳፍ ለመዳፍ አጋጥመህ በብርቱ ተጫናቸው። ቀኝ እጅህን ብታንቀሳቅስ ግራው አብሮ ይሄዳል። አሁን ጥቂት አላላቸው፤ ቀኙ በግራው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይወስደውም። በሞተሩ ሆድም እንዲሁ ነው። ብዙ ቀጫጭን ክብ ሰሌዳዎች በዘይት ውስጥ ተደርድረው ይኖራሉ፤ እኩሌቶቹ ከሞተሩ ጋራ፥ እኩሌቶቹም ከማርሹና ከኋላው ጎማ ጋራ የተያያዙ ናቸው። ብርቱ ሞላዎች እርስ በርሳቸው አጣብቀው ሲይዟቸው የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማው ይደርሳል። ነጂው በግራ እጁ በኩል ያለውን መጨበጫ ሲጨብጥ የሞላዎቹ ኃይል ይነሣል፥ ሰሌዳዎቹም ይላቀቃሉ፤ ሞተሩ ብቻውን ይዞራል፥ ጎማውም ያርፋል።

ፍሪሲዮን የሚለው ስም ከኢጣልያ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም መተሻሸት ማለት ነው። ማርሽ፥ ዳዶ፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ የሚሉት ቃላትም ከዚያው ቋንቋ የተገኙ ናቸው። ኢጣልያኖች ኢትዮጵያን ወርረው ከ1928 እስከ 1933 ዓመተ ምሕረት ከቆዩ በኋላ ተባረሩ፤ ስለ መኪና የሚነገረው ቃላቸው ግን እስከ ዛሬ በየጋራዡ ይሰማል።

መጨበጫው ያለው በመሪው ላይ ነው፤ ሰሌዳዎቹ ግን ከታች በሞተሩ ሆድ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠማማ ነው፥ መሪውም በዞረ ቁጥር ይለዋወጣል። ተራ ገመድ በጠማማ መንገድ መሳብ አይሆንለትም፤ በተወጠረ ጊዜ ቀጥ ማለት ይወዳልና። ይህን ችግር የፈታው ኧርነስት ቦውደን የተባለ ሰው ነው፤ እርሱም ብልሃቱን በእንግሊዝ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1896 ዓመት በስሙ አስመዘገበ። ይህ ኢትዮጵያውያን በዐድዋ ድል ያደረጉበት ዓመት ነው። ሞተር ብስክሌት በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበረ፤ ጀርመናዊው ጎትሊብ ዳይምለር ከእንጨት በተሠራ አካል ላይ ሞተር አቁሞ የመጀመሪያውን ከሠራ 11 ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር።

የቦውደን ብልሃት እንዲህ ነው። ከቀጫጭን የብረት ሽቦዎች የተገመደ ገመድ፥ እርሱም ከተጠመዘዘ ሽቦ በተሠራ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ቱቦው እንደ ልብ ይተጣጠፋል፥ ነገር ግን ሁለቱ ጫፎቹ ተደግፈው ስለ ተያዙ አያጥርም። ስለዚህ መንገዱ ምንም ቢጠመም ገመዱ በቱቦው ውስጥ ይሳባል። ሁለቱ በአንድነት ካቦ ይባላሉ።

ገመድ እያገለገለ ሲሄድ ጥቂት ይረዝማል፥ የቱቦውም ጫፍ ይቀመጣል። ይህን ለማስተካከል በመጨበጫው አጠገብ አንድ ብሎን ተሠርቷል። የብሎኑን ሥራ ለመረዳት ከእንጅባራ ደጋ የሚቆረጠውን ቀርከሃ መያዝ ይበቃል። ከአንጓ እስከ አንጓ ያለውን ባዶውን ክፍል ቁረጥ፤ በውስጡም ሲባጎ አሳልፈህ በሁለቱ ጫፍ ትንንሽ ዱላ እሰርበት፥ ሲባጎው ከቀርከሃው አንድ ጣት ያህል ይርዘም። ዱላውን ብትነካው ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሲባጎው ላልቷል። አሁን አንዱን ዱላ ፍታና የጣት ስፋት ያለው ሌላ ቁራጭ ቀርከሃ ጨምር፥ ዱላውንም በቀድሞው ቦታ መልሰህ እሰር። ሲባጎው አላጠረም፥ ቀርከሃው ግን ረዘመ፤ ሲባጎውም ተወጠረ።

ማስተካከያው ብሎን እንደዚያ ቁራጭ ቀርከሃ ነው። መካከሉ ክፍት ነውና ገመዱ በውስጡ ያልፋል፤ የቱቦውም ጫፍ በእርሱ ላይ ይደገፋል። ብሎኑ መጨበጫውን ከያዘው ማቀፊያ ወደ ውጭ ሲወጣ ቱቦው እንደ ረዘመ ይቆጠራል፥ ገመዱም ይወጠራል። ወደ ውስጥ ሲገባ ገመዱ ይላላል። በብሎኑም ላይ አንዲት ክብ ዳዶ አለች፤ ጣት እንዳያዳልጣት ዙሪያዋ ተፈልፍሏል። ዞራ ማቀፊያውን ስትነካና ስትጠብቅ ብሎኑን ቆልፋ ትይዘዋለች። እርሷ ከላላች ብሎኑ ወደ ፈለገው ይዞራል።

ገመዱ ፈጽሞ መላላት የለበትም የሚል ሰው ይሳሳታል። መጨበጫው ሳይጨበጥ ገመዱ የተወጠረ እንደ ሆነ ሞላዎቹ በሙሉ ኃይላቸው አይጫኑም፤ ሰሌዳዎቹ ይንሸራተታሉ፥ ይግላሉ፥ ፈጥነውም ያልቃሉ። ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፥ ጎማው ግን አይፈጥንም። የሚገባው መላላት ገመዱ ከመጨበጫው ጋራ በሚገናኝበት በሥሩ በኩል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም የአንድ የገብስ ፍሬ ውፍረት ያህል ይሆናል። በመጨበጫው ጫፍ የሚለኩ ሠሪዎች ደግሞ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይላሉ። ሁለቱ ቃሎች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አይጣሉም፤ የበር ጫፍ ከማጠፊያው ይልቅ ብዙ መንገድ እንዲሄድ የመጨበጫውም ጫፍ እንዲሁ ነውና።

አሮጌ ሞተር ብስክሌት ብዙ ጊዜ አንድ ፒስተን ብቻ ያለው ነው። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓመት ዲቲ 1 የተባለውን ለጥርጊያ መንገድ የሚሆን ሞተር ብስክሌት ካወጣ ወዲህ፥ የእርሱ ወገን የሆኑ ቀላል ባለ አንድ ፒስተን ሞተሮች በብዙ አገር ገጠር ተሰራጭተዋል። በእንዲህ ያለው ሁለት ምት ሞተር ውስጥ በየዙሩ አንድ ጊዜ ነዳጅ ይቃጠላል። በደቂቃ 3000 ጊዜ የዞረ እንደ ሆነ በአንድ ሰከንድ 50 ጊዜ ይመታል ማለት ነው፤ በአንድ ሰዓት መንገድ 180000 ጊዜ ይሆናል። ይህ ምት ሁሉ በመሪው በኩል ወደ ነጂው እጅ ይመጣል፥ ዳዶዋንም ያንቀጠቅጣታል። መንገዱ ድንጋያማ ሲሆን ደግሞ ሌላ መንቀጥቀጥ ይጨመርበታል።

በደንብ የጠበቀች ዳዶ ይህን ሁሉ ትችላለች። ጥቂት የላላች ግን በየቀኑ ትፈታለች። ነጂው መጨበጫውን በጨበጠ ቁጥር ቱቦው ብሎኑን ወደ ማቀፊያው ይገፋዋል፤ ስለዚህ ያልተቆለፈው ብሎን ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ይዞራል፥ የገመዱም መላላት ይበዛል። ያን ጊዜ መጨበጫው እስከ መሪው ድረስ ቢጨበጥ እንኳ ሰሌዳዎቹ ፈጽመው አይላቀቁም። ማርሽ ሲገባ ይንቋቋል፤ ዜሮ ማርሽን ማግኘት ያስቸግራል፤ ሞተር ብስክሌቱም ቆሞ ሳለ ወደ ፊት ይጎትታል። የአዊ ደጋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለ ሆነ ውሃ በብሎኑ ጥርስ መካከል ይገባል፤ ዝገቱም ከአቧራ ጋራ ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ይፍቃል።

አንድ የክትባት ሠራተኛ በአዲስ ቅዳም ይኖራል እንበል። ሞተር ብስክሌቱ ከራሱ ዕድሜ የሚበልጥ ነው። ከኋላው የበረዶ ሣጥን ታስሯል፥ በውስጡም የሕፃናት ክትባት አለ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት፤ ሙቀት ሲያገኘው ኃይሉ ይደክማል፥ በዓይን ሲያዩት ግን እንደ ቀድሞው ነው። በረዶውም የሚቆይበት ሰዓት የተወሰነ ነው። ከከተማው ርቆ ባለ መንደር እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በዛፍ ጥላ ሥር ሲጠብቁ፥ ሞተሩ በዳገት ላይ እንቢ ቢል ጉዳቱ በነጂው ላይ ብቻ አይቀርም።

ይህ ሠራተኛ መጨበጫው በላላበት ጊዜ ሁሉ ከሞተሩ ሳይወርድ ብሎኑን በጣቱ ያወጣና ይሄዳል። ዳዶዋን አይነካትም። ሰኞ ያስተካከለው ረቡዕ ይላላል፤ ረቡዕ ያስተካከለው ዓርብ ይላላል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ስላተረፈ የጠገነ ይመስለዋል። አንድ ቅዳሜ ቀን በገበያው መካከል መጨበጫውን ጨብጦ ቆሞ ሳለ ሞተር ብስክሌቱ ወደ ፊት ዘለለ፥ የፊት ጎማውም የአንዲት ባልቴት ቁና ገለበጠ። ገብሱ ፈሰሰ እንጂ ሰው አልተጎዳም። ባልቴቲቱ ግን በቁናው አጠገብ የተቀመጠውን የልጅ ልጃቸውን ብድግ አድርገው አቀፉ፥ ለብዙ ጊዜም አልለቀቁትም። ሠራተኛው ይቅርታ ለምኖ፥ የፈሰሰውንም ከፍሎ፥ ሞተሩን አጠፋና እየገፋ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄደ።

«ጋሼ፥ ይህን ካቦ ያጥብቁልኝ፤ በየሦስት ቀኑ ይላላል» አለ።

መካኒኩ ፒንሳ አላነሡም። አስቀድመው ዳዶዋን በአንድ ጣት ነኳት፤ ያለ ድካም ዞረች።

«ልጄ፥ አንተ የምታስተካክለው ብሎኑን ነው፤ የተፈታችው ግን ዳዶዋ ናት። በሩን ትዘጋና መወርወሪያውን ሳትጥል ትሄዳለህ፥ ነፋሱም ይከፍተዋል» አሉት።

ከዚያም ብሎኑን ወደ ውስጥ አስገብተው ገመዱን አላሉት። በብሎኑ፥ በዳዶዋና በማቀፊያው ጎን ቀጭን ክፍተት አለ፤ ሦስቱ ክፍተቶች በአንድ መስመር ሲሆኑ ገመዱ በዚያ በኩል ይወጣል። መካኒኩም ገመዱን በዚያ አውጥተው፥ በጫፉ ያለችውን የብረት ፍሬ ከመጨበጫው አላቀቁ። ብሎኑንም ፈጽመው ፈትተው በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠቡት። ጥቁር ጭቃ ወጣለት። ማቀፊያውንም እንዲሁ አጠቡ፤ ብሎኑን መልሰው በባዶው አስገብተው ወዲያና ወዲህ አነቃነቁት። ብዙ ጊዜ ማቀፊያው ከአሉሚኒየም ስለሚሠራ ከብሎኑ ይልቅ የእርሱ ጥርስ ቀድሞ ይበላል። ጥርሱ ተበልቶ ብሎኑ የሚዘል ቢሆን ኖሮ ማቀፊያውን መለወጥ ያስፈልግ ነበር፤ በተበላ ጥርስ ላይ ዳዶ ብትጠብቅም አትጸናም። የዚህ ግን ገና ደኅና ነበረ።

አዲስ ብሎን በሚገዛበት ጊዜ ብርቱ ጥንቃቄ ይገባል። የጃፓን ሞተር ብስክሌት ብሎን በሚሊ ሜትር ይለካል፤ የጥንቱ የእንግሊዝ ግን በኢንች ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወንድማማች ይመስላሉ። ሁለት ዙር በጣት ገብቶ በሦስተኛው እንቢ ያለ ብሎን የዚያ ቤት ልጅ አይደለም። በፒንሳ ቢያስገድዱት ይገባል፥ ነገር ግን የማቀፊያውን ጥርስ እያረደ ነው የሚገባው።

ቀጥለው መካኒኩ የገመዱን ጫፍ በብርሃን መረመሩ። ይህ ምርመራ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ዳዶዋ ጠብቃ ሳለች መላላቱ በየቀኑ የሚጨምር ከሆነ፥ በፍሬዋ አጠገብ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች እየተቆረጡ ሊሆን ይችላል፤ የቀሩትም ሸክሙን ስለማይችሉ ይረዝማሉ። አንዲት ሽቦ እንኳ ተቆርጣ እንደ እሾኽ ቆማ የተገኘች እንደ ሆነ ማስተካከል ከንቱ ነው፤ ካቦው ይለወጥ። መላላቱ ሳይነኩት የሚቀንስ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ በሞተሩ ሆድ ያሉት ሰሌዳዎች እየሳሱ ነው ማለት ነው። የሠራተኛው ገመድ አንድም ሽቦ አልተቆረጠበትም ነበር። መካኒኩ ካቦውን ቀጥ አድርገው አቁመው ጥቂት የሞተር ዘይት በቱቦው ውስጥ አንጠባጠቡ፤ በታችኛውም ጫፍ እስኪወጣ ድረስ ጠበቁ።

መልሰውም ሲገጥሙ ብሎኑን ብዙውን ክፍሉን በማቀፊያው ውስጥ አስገቡት። ብሎን ከግማሹ በላይ ወደ ውጭ ከወጣ በጥቂት ጥርስ ብቻ ይንጠለጠላል፥ ሊሰበርም ይችላል። ትልቁን መላላት ከታች በሞተሩ በኩል ባለው ሌላ ማስተካከያ ቀነሱ፤ ትንሹን በላይኛው ብሎን አስተካከሉ። በመጨረሻ አንድ የገብስ ፍሬ በመጨበጫውና በማቀፊያው መካከል አድርገው ለኩ። ገብሱ ከየት እንደ መጣ ሠራተኛው አልጠየቀም፤ ከጫማው ላይ የተገኘ ነበርና።

አሁን የዳዶዋ ተራ ሆነ። ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀጭን ቀለበት ቆርጠው በእርሷና በማቀፊያው መካከል አገቡ፤ ላስቲክ ሲጫኑት መልሶ ይገፋልና መንቀጥቀጥ ዳዶዋን በቀላሉ አያዞራትም። ብሎኑ እንዳይዞር በግራ እጃቸው ይዘው፥ በቀኛቸው ዳዶዋን እስክትደርስ አዞሩ። ከዚያ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ጥቂት ብቻ ጨመሩላት። ለጣት የተሠራች ዳዶ በፒንሳ ጉልበት ከታሰረች ጥርሷ ይበላል። ሦስቱ ክፍተቶች በአንድ መስመር እንዳይሆኑ ጠነቀቁ፤ አንድ መስመር ከሆኑ ገመዱ ሊወጣ፥ ውሃም ሊገባ ይችላል።

ሥራውን ለመፈተን ሠራተኛው ሞተሩን አስነሥቶ በዜሮ ማርሽ ሳለ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፥ ቀጥሎም ወደ ቀኝ አዞረ። የገብሱ ልክ አልተለወጠም፤ ቢለወጥ ኖሮ ካቦው በአንድ ስፍራ ተጣብቋል ማለት ነበረ። ከዚያም ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ መጨበጫውን ጨብጦ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ሞተሩ ዞረ፥ ጎማው ዝም አለ።

ሠራተኛው ሊሄድ ሲል መካኒኩ ጠሩት፤ በቀጭን ብሩሽ ከዳዶዋ እስከ ማቀፊያው ድረስ አንድ ነጭ የቀለም መስመር አሰመሩ። ዳዶዋ የዞረች እንደ ሆነ መስመሩ ለሁለት ይለያል፤ ይህንም ለማየት ፒንሳም ካቻቢቴም አያስፈልግም። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው የበረዶ ሣጥኑን ከኋላ አስሮ ሊነሣ ሲል፥ አስቀድሞ ጎንበስ ብሎ መስመሩን አየ።